ፍትጊያ (ስክራች)

የሚዞርን ሸክላ በጣት ይዞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በማሸት ከመርፌው ስር አዲስ ድምፅ የማውጣት ጥበብ «ስክራች» ይባላል። አማርኛ ስንፈልግለት ቶሎ የሚመጣው «ጭረት» ነው፤ ችግሩ ጭረት በሸክላ ዓለም የጉዳት ስም መሆኑ ነው። የተጫረ ሸክላ መርፌውን ያዘልላል፣ ይንጫጫል፤ ስክራች የሚያደርግ ሰው ደግሞ አጥብቆ የሚሸሸው ይህንኑ ነው። ስለዚህ «ፍትጊያ» እላለሁ። የእጁ አካሄድም መጅ በወፍጮ ላይ እንደሚመላለሰው ነው።

ከፍትጊያ ጋር የሚሄደው ሁለተኛው ቃል ሳምፕሊንግ ሲሆን፣ ለእሱ «ቅንጨባ» ይበቃል፤ ከተቀዳ ሙዚቃ ጥቂት ሴኮንድ ቀንጭቦ አዲስ ሥራ መሥራት ነው። ቅንጨባ ለእኛ ሙዚቃ እንግዳ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን እኛ ተቀንጫቢዎች ነን። ናስና ዴሚያን ማርሊ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት «አዝ ዊ ኤንተር» ከስር የሚሰማው የሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ነው። ካሊፎርኒያዊው ኦ ኖ ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ አንድ ሙሉ አልበም ከኢትዮጵያ ሸክላዎች ቀንጭቦ ሠርቷል። አቤል ተስፋዬ (ዘ ዊክንድ) በ2016 «ፎልስ አላርም» መጨረሻ ላይ የአስቴር አወቀን ድምፅ አስገብቷል።

ከእነዚህ ቅንጫቢዎች ብዙዎቹ የሚመዘዙት ከአንድ አጭር ዘመን ነው። አምሃ እሸቴ ሸክላ ማሳተም ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተፈቅዶ በነበረበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1969፣ አምሃ ሪከርድስን ደፍሮ ከፈተ፤ በ1975 ከሀገር እስኪወጣ ድረስም በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩ ነጠላ ሸክላዎችን በብዛት አወጣ። ካይፋ ሪከርድስም ተከተለ። ብዙም ሳይቆይ ካሴት መጣና ሸክላው ወደ ቁም ሣጥን ገባ። ዛሬ ከቁም ሣጥን የሚወጣውን የዚያን ጊዜ ሸክላ መተካት ደግሞ ከባድ ነው፤ ይህን ያነሳሁት ከታች ስለሚያስፈልገን ነው።

እንግዲህ ዋጃ ላይ፣ ከኮቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚኖር ወጣት ፍትጊያ መማር ቢፈልግ ምን ዓይነት ማጫወቻ ይግዛ? ስለ ድምፅ ጥራት ከመጠየቁ በፊት ስለ ሞተሩ ይጠይቅ። ርካሾቹ ማጫወቻዎች ሳህናቸውን የሚያዞሩት በቺንጋ ነው። እጅ ሸክላውን ሲገታው ቺንጋው ይንሸራተታል፤ ሲለቀው ፍጥነቱ ቶሎ አይመለስም፤ እየዋለ ሲያድርም ይላላል። ሁለተኛው ዓይነት ሳህኑ ራሱ የሞተሩ ዘንግ ላይ የተቀመጠበት ነው፤ «ቀጥተኛ» እንበለው። የጃፓኑ ማትሱሺታ ቴክኒክስ ኤስፒ-10 የተባለውን ቀጥተኛ ማጫወቻ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው፤ በ1972 የተከተለው ኤስኤል-1200 የዲጄዎች ሁሉ መለኪያ ሆነ። እሱ ዛሬም ውድ ነው። ከእሱ በታች የአውዲዮ ቴክኒካ ኤልፒ120 እና የሪሉፕ አርፒ-2000 ቀጥተኞች ናቸው። ኤልፒ120 የዩኤስቢ መውጫ ስላለው በቀጥታ ከኮምፒውተር ይገናኛል፤ ለቅንጨባ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የዚያው ኩባንያ ኤልፒ60 በዋጋ ያባብላል፤ ባለ ቺንጋ ስለሆነ ግን ለማዳመጥና ለመቀንጨብ እንጂ ለፍትጊያ አይሆንም።

መብራት በሚጠፋበት ሰፈር የኑማርክ ፒቲ01 ስክራች ይታሰብ። በባትሪ ይሠራል፣ ድምፅ ማጉያው አብሮት አለ፣ ድምፁን ለመቁረጥ የሚያገለግል መቀየሪያም ተገጥሞለታል። የባለሙያ ዕቃ አይደለም፤ እጅ ለማፍታታት ግን ይበቃል።

ከአሜሪካ ዘመድ የሚልከው አሮጌ ማጫወቻ የራሱ ጣጣ አለው። የእነሱ መብራት 120 ቮልትና 60 ኸርዝ፣ የእኛ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል፤ ኸርዙን አይነካውም። በአንዳንድ አሮጌ ማሽኖች ላይ የሞተሩ ፍጥነት ኸርዙን ተከትሎ ስለሚሄድ፣ በደቂቃ 33⅓ ጊዜ መዞር የነበረበት ሸክላ 28 ገደማ ይዞራል። ዘፋኙ ያኔ ጉንፋን የያዘው ይመስላል። አዳዲሶቹ ቀጥተኛ ማጫወቻዎች ይህ አያገኛቸውም።

ሸክላው የፕላስቲክ ዘር ስለሆነ የራያ ቆላ ፀሐይ ያጎብጠዋል፤ በተለይ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ መተው አደጋ ነው። ማሽላ በሚወቃበት ወቅት የሚነሳው አቧራም መስመሮቹ ውስጥ ገብቶ መርፌውን ይበላል።

አሁን ወደ ቁም ሣጥኑ ሸክላ እንመለስ። ለፍትጊያ መርፌው እንዳይዘል በሸክላው ላይ ከበድ ተደርጎ ይጫናል፤ አንዱ ቦታም ደጋግሞ ይታሻል። እንዲህ የተፈተገ መስመር ቀስ በቀስ እየተበላ ይሻክራል። የአባት የአምሃ ሸክላ ላይ ፍትጊያ መማር፣ በእኔ ሚዛን፣ ጥፋት ነው። አሮጌውን አንድ ጊዜ በንጹሕ መርፌ ወደ ኮምፒውተር መቅዳት፣ ፍትጊያውን በሌላ ሸክላ መሥራት ይሻላል። ለዚህ መፍትሔ አለ፤ እንደ ሴራቶ ያሉ ፕሮግራሞች ዘፈን ሳይሆን የጊዜ ምልክት የተቀረጸበት ልዩ ሸክላ አላቸው። እጅ ያንን ሲፈትግ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው የተቀዳ ዘፈን አብሮ ወዲያ ወዲህ ይላል። የሚያልቀው ልዩ ሸክላው ነው፤ እሱ ደግሞ ይተካል።

ማጫወቻው ከተገኘ በኋላ ቀድሞ የሚያስፈልገው ከሸክላው ስር የሚነጠፍ፣ ሳህኑ ሲዞር ሸክላው በእጅ እንዲቆም የሚያስችል ስስ ጨርቅ ነው። ከማጫወቻው ጋር ወፍራምና የሚይዝ ጎማ ከመጣ ይነሳ። የኒውዮርኩ ዲጄ ግራንድማስተር ፍላሽ የራሱን የሠራው ፌልት ጨርቅ በስታርች አጠንክሮ ነበር። ኮቦ ገበያ ያለ ልብስ ሰፊ ከ30 ሴንቲሜትር በትንሹ ያነሰ ክብ ቆርጦ መሐሉን ይበሳዋል።