ከዚራና ኪሳራ

ሰው በከሰረ ጊዜ ጎረቤቱ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ገንዘቡን በምን አጠፋው?» ብሎ ነው። በመጠጥ፣ በድግስ ወይም በስንፍና ሀብቱን የጨረሰ ሰው መኖሩን አንክድም። ነገር ግን ኪሳራ ሁሉ ከጠባይ ጉድለት ይመጣል የሚለው አሳብ ከታሪክ ጋራ አይስማማም። ይህንንም ለማስረዳት በድሬዳዋ የሚገኘውን የከዚራን ሠፈር መርጠናል፤ ምክንያቱም ሠፈሩ የተቈረቈረው ኋላ በከሰረ ኩባንያ እጅ ነው።

ዐጤ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለሙሴ ኢልግ የምድር ባቡር ውል ሰጡ። ኢልግና ሸፍኔ ያቋቋሙት ኩባንያም በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ ሥራውን ጀመረ። የመጀመሪያው አሳብ ሐዲዱን ሐረር ለማድረስ ነበር፤ ተራራውን መውጣት ግን ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሆኖ ስለ ተገኘ መስመሩ በቈላው እንዲያልፍ ተደረገ። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ባቡሩ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ድሬዳዋ ደረሰ። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ መጋላ በገበያው ዙሪያ ሲሰፋ፣ ከዚራ በኩባንያው መሐንዲሶች ፕላን፣ መንገዱ ቀጥ ብሎ፣ ጣቢያውን ተጠግቶ ተሠራ።

ኩባንያው ግን በ1899 ዓ.ም. ገደማ ከሰረ። ምክንያቱን ስንመረምር ሦስት ነገር እናገኛለን። አንደኛ፣ የሥራው ወጪ ከግምቱ በለጠ። ሁለተኛ፣ የጐደለውን ከፈረንሳይና ከእንግሊዝ ባለገንዘቦች እየወሰደ ሞላ፤ ያም ስላልበቃው በ1894 ዓ.ም. የፈረንሳይ መንግሥት በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ለ50 ዓመት እንዲረዳው ተዋዋለ። ሦስተኛ፣ ተስፋው ሁሉ በአንድ መስመር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ዐጤ ምኒልክ ያለ ፈቃዳቸው በተደረገው በዚህ ውል ተቈጥተው ሐዲዱ ከድሬዳዋ እንዳያልፍ በከለከሉ ጊዜ፣ ያላለቀው መንገድ ዕዳውን መክፈል አቃተው።

ከውድቀቱ በኋላ የሆነውንም ልብ ማለት ይገባል። በ1900 ዓ.ም. ለዶክቶር ቪታልየን አዲስ ውል ተሰጠ፤ ሌላ ኩባንያ ተተካ፤ በ1909 ዓ.ም. ባቡሩ አዲስ አበባ ገባ። የታላቁ ባለዕዳ ሥራ በሌላ ስም ቀጠለ ማለት ነው። በዚያው ዘመን ተራው ባለዕዳ መክፈል ባቃተው ጊዜ ከአበዳሪው ጋራ ቁራኛ ይታሰር ነበር።

ሕጉ ቀስ በቀስ ተሻሻለ። በ1925 ዓ.ም. የኪሳራ ሕግ ታወጀ፤ የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግም በአምስተኛው መጽሐፉ ነገሩን አስፍቶ ደነገገ። በ2013 ዓ.ም. የታወጀው አዲሱ የንግድ ሕግ ደግሞ ነጋዴው ፈጽሞ ሳይወድቅ ዕዳውን እንደገና የሚያደራጅበትን መንገድ ጨመረ። የ1952ቱ ሕግ ግን ለነጋዴና ለንግድ ማኅበር እንጂ ለደመወዝተኛ አልተጻፈም። ስለዚህ የሱቁ ባለቤት ዕዳው በአንድ ዳኛ ፊት በአንድነት ሲጣራለት፣ ከጣቢያው ደመወዝ የሚቀበለው ጎረቤቱ ለእያንዳንዱ አበዳሪ ለየብቻው መልስ ይሰጥ ነበር።

ኩባንያውን የጣሉት ሦስት ምክንያቶች በአንድ ቤት ውስጥም ይሠራሉ። ቤት የጀመረ ሰው ወጪውን አሳንሶ ይገምታል፤ የጐደለውን በዱቤ፣ ዱቤውንም በአራጣ ይሸፍናል፤ ገቢው ግን ከአንድ ምንጭ ነው። በዚህ ላይ ዋስትና አለ፤ ለወዳጁ ዋስ የሆነ ሰው አንድ ብር ሳይበደር ባለዕዳ ሊሆን ይችላል።

ምንጩ የሚደርቀውም ሁልጊዜ በባለቤቱ ጥፋት አይደለም። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ የከተማ ቤቶች ወደ መንግሥት በተዛወሩ ጊዜ አከራዩ የኪራይ ገቢውን በአንድ አዋጅ አጣ። በ1969 ዓ.ም. በሶማሊያ ወረራ ድልድዮች ፈርሰው የጅቡቲ መስመር ሲቋረጥ፣ ከባቡሩ ጋራ የተያያዘ ኑሮ ሁሉ ተናጋ። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲገድል፣ የተረፈው ሰውም ዕቃውን በጎርፍ አጥቶ ዕዳው ብቻ ቀረው። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የአሮጌው ባቡር አገልግሎት እየተቋረጠ ሄደ፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ መስመርም ጣቢያውን ከአሮጌው ሠፈር ውጭ አደረገ።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ ኪሳራ አስቀድሞ የሚገባው በአንድ ገቢ ብቻ በሚተዳደርና ዕዳውን በሌላ ዕዳ በሚከፍል ቤት መሆኑን ነው። እንግዲህ ቤተ ሰብ ገቢውን ከአንድ በላይ ማድረግ፣ ዱቤውን በጽሑፍ መያዝ፣ ዋስ ከመሆኑም በፊት የዋስትናውን ልክ ማወቅ ይገባዋል። ሕግ አውጪውም ለነጋዴው ያሰበውን ያህል ለደመወዝተኛው ቢያስብ መልካም ነው እንላለን። ኩባንያ ወድቆ ሥራው ዳግመኛ እንዲነሣ ከተፈቀደ፣ ሐዲዱን ያነጠፈው ሠራተኛ ልጅና የልጅ ልጅም ወድቆ የሚነሣበት መንገድ ሊኖረው ይገባልና።