የእንዶድ ታሪክና የጀማሪ ተመራማሪ ዕድል

መካነ ሰላም ዛሬ ከመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች አንዱ የሚገኝባት ከተማ ናት። በዚያ ሥራ የሚጀምር ወጣት መምህር ምን ቢያገኝ ተመራማሪ ይኾናል? ለዚህ ጥያቄ የእንዶድ ታሪክ መልስ አለው። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።)

በወሎም ኾነ በሌላው የኢትዮጵያ ደጋ፣ ሳሙና በየገበያው ሳይዳረስ ነጠላና ጋቢ የሚነጣው በእንዶድ ነበር። የደረቀው ፍሬ ተወቅጦ ከውሃ ጋራ ሲታሽ አረፋ ያወጣል። ከዚህ የእናቶች ዕውቀት ውስጥ የሳይንስ ጥያቄ ያወጡት አክሊሉ ለማ ናቸው። በ1964 ዓ.ም. ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉትን የወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሊያጠኑ ዐድዋ ሄዱ፤ ዕድሜያቸውም ገና ሠላሳ አልሞላም ነበር። ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። ነገሩን በሙከራ ቢመረምሩት ገዳዩ እንዶዱ ኾኖ ተገኘ።

አክሊሉ በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ ናቸው። ይሁን እንጂ የውጭ አገር ትምህርት ብቻውን ባልበቃቸውም ነበር። በ1966 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ተቋም በእርሳቸው መሪነት ተመሠረተ፤ ሥራውም ከአንድ ሰው ወደ ብዙዎች ተላለፈ። ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የእንዶድን ልዩ ልዩ ዓይነት ሰብስበው የተሻለውን መረጡ። ከ1969 እስከ 1974 ዓ.ም. በዐድዋ በተደረገው ሙከራም በሽታው በሕፃናት ዘንድ ከመቶ 50 ወደ 7 ወረደ።

ችግሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዶድ በሰፊው እንዲሠራበት ከመፍቀዱ በፊት፣ የመርዛማነቱ ምርመራ ዓለም አቀፍ ሥርዓት በጠበቀ ቤተ ሙከራ እንዲደረግ ጠየቀ። ጥንቃቄው ተገቢ ነበር፤ ወንዝ ውስጥ የሚጨመር ነገር ሳይመረመር አይፈቀድምና። ነገር ግን እንዲህ ያለ ቤተ ሙከራና ገንዘብ ለሌለው አገር ጥያቄው የተዘጋ በር ነበር። ምርመራው በካናዳ የምርምር ገንዘብ እስኪደረግ ድረስ ከግኝቱ ጀምሮ ከሃያ ዓመት በላይ አለፈ። አክሊሉና ለገሠ በ1989 ዓ.ም. የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ፤ አክሊሉ ግን እንዶድ በየወንዙ ሲሠራበት ሳያዩ በ1997 ዓ.ም. ዐረፉ።

እንግዲህ ተሰጥዖ አልጐደለም፤ ርዳታውም ፈጽሞ አልቀረም። የጐደለው ማስረጃን እስከ መጨረሻው የሚያደርስ የአገር ውስጥ ቤተ ሙከራና በዚያ የሚገኘውን ውጤት የሚያስከብር ሥርዓት ነው። ለአንድ ወጣት የትምህርት ዕድል ሰጥቶ መሣሪያ ወደሌለበት ክፍል መመለስ ዘር ሰጥቶ መሬት እንደ መንፈግ ነው።

በመካነ ሰላም አቅራቢያ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት የደንቆሮ ደን አለ፤ ወደ ዐባይ የሚወርደው ቈላም ከዚያ የራቀ አይደለም። የምርምር ጥያቄ በደጁ ሞልቷል። ጥያቄውን ለሚያነሣው ወጣት ግን ጥቂት የምርምር ገንዘብ፣ የሚመራው አንጋፋ ባለሙያና የሚታመን ቤተ ሙከራ ያስፈልጉታል። ይህ ካልተሟላ የሌላ እንዶድ ውጤትም ሃያ ዓመት በመሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል።