የጎጆው ንድፍ የማን ነበር?

ስለ ጎጃም የሕንፃ ታሪክ ሲወሳ ቀድመው የሚጠቀሱት የነገሥታትና የመኳንንት ሥራዎች ናቸው። እቴጌ እሌኒ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ በመርጡለ ማርያም ያሠሩት የጥርብ ድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ይነሣል። ራስ አዳል ተሰማ በጥር 1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እጅ ነግሠው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከተባሉ በኋላ የተቀመጡበት የደብረ ማርቆስ ቤተ መንግሥትም እንደዚሁ። ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው ከተማ የዛሬ ስሟን ያገኘችው በታቦቷ በማርቆስ ነው። የአሠሪዎቹን ስም እናውቃለን። ለመሆኑ ከቤተ መንግሥቱ አጥር ውጭ ያለውን ጎጆ የነደፈው ማን ነበር?

ንድፉ በወረቀት አልሰፈረም፤ ይሁን እንጂ ንድፍ አልነበረም ማለት አይደለም። ባለቤቱ ጎርፍ የማይተኛበት፣ ከውኃ የማይርቅ ቦታ ይመርጣል። አናጢው መካከሉ ላይ ችካል ተክሎ፣ ገመድ አስሮ ይዞራል። ክቡ መሬት ላይ ተሰመረ ማለት ነው። ገመዱ ምን ያህል ይርዘም? ይህን የሚወስነው የባለቤቱ ምኞት ሳይሆን የተገኘው እንጨት ነው። የሣር ክዳን ተዳፋቱ ካልበረታ የጎጃምን ክረምት አይችልም፤ ውኃው ሳይወርድ ይሰርጋል። ስለዚህ ቤቱን ያሰፋ ሁሉ ጣሪያውን ማስረዘም፣ ለዚያም ረጅም ጽድ ወይም ወንዛ መፈለግ ነበረበት። ማዕዘን ያለው ሰቀላ በአብዛኛው የባለጸጋ ቤት የሆነው አንድም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ምሰሶው ሲቆም፣ ማገሩ ሲታሰር፣ ሣሩ ሲከደን ጎረቤት በደቦ ይወጣል።

ብዙ ጊዜ ታሪኩ እዚህ ላይ ይቆማል። የቤቱ ግማሽ ንድፍ ግን ገና አልተጀመረም። ጭቃውን ከጭድ ጋር አቡክተው የሚመርጉት፣ መደቡን የሚያበጁት፣ ጎታውን በየደረጃው እያደረቁ የሚያቆሙት ሴቶች ናቸው። ትልቅ ጎታ በበር አያልፍም፤ ተሠርቶ የሚገባ ሳይሆን እዚያው የሚሠራ ነው። ቦታው አንዴ ከተወሰነ ጓዳው በየት በኩል እንደሚከለል፣ እንግዳ የት እንደሚቀመጥና የቤቱ እህል ከማን ዓይን እንደሚሰወር አብሮ ተወሰነ። ምድጃውም ከመካከል ሆኖ ቤቱን ያሞቃል፤ ጢሱም ሣሩን ከነቀዝ ይጠብቃል። አናጢው ቅርፊቱን ሠራ ቢባል፣ ውስጡን የነደፈችው እመቤቲቱ ናት። ደመወዝ ስላልተከፈላት ሙያዋን «ንድፍ» ብሎ የጠራው አልነበረም።

ከዚያ ባሕር ዛፍና ቆርቆሮ መጡ። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ገብቶ ቀስ በቀስ ደጋውን አለበሰው፤ ቀጥ ያለና ረጅም እንጨት ብርቅ መሆኑ ቀረ። ቆርቆሮውን ግን የዓባይ በረሃ ለረጅም ጊዜ ይዞት ቆይቷል። በመኪና ተጭኖ በብዛት ሊሻገር የቻለው መንገድ ከወጣ በኋላ ነው። ቆርቆሮ ክብ አይወድም፤ ለሾጣጣ ጣሪያ ሲቆረጥ ግማሹ ይባክናል፤ ለስለስ ያለ ተዳፋትም ይበቃዋል። ስለዚህ ቤቱ አራት ማዕዘን ሆነ። መለኪያውም ተለወጠ፤ «የስንት ቆርቆሮ ቤት ነው?» መባባል ተጀመረ። ከፊት ሳሎን ተከፈለ፤ ጢስ ቆርቆሮ ያጠቁራልና ምድጃው ወደ ጓሮ፣ ማድ ቤት ወደሚባል ለብቻው የቆመ ደሳሳ ቤት ተባረረ። እመቤቲቱም አብራ ወጣች።

ጎጆው ይመለስ እያልኩ አይደለም። ጢሱ ስንት ዓይን እንዳጠፋ፣ ከከብት ጋር ማደር ምን እንደሚመስል የኖረበት ያውቀዋል። ቆርቆሮም በበኩሉ በረዶ ሲወርድ ሰው እንዳይደማመጥ ያደርጋል፤ ሌሊትም ብርዱ አይጣል ነው። ቅር የሚያሰኘው ሌላ ነው። የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በ1940ዎቹ አዲስ አበባ ላይ ተከፍቶ ባለሙያ ማፍራት ሲጀምር፣ ማዘጋጃ ቤቶችም ፕላን መጠየቅ ሲለምዱ፣ ንድፍ የተማረ ሰው ሥራ ሆነ። ነዳፊው የመኝታ ቤቱን ብዛት፣ የሳሎኑን ስፋት ይጠይቃል። እንጀራው የት እንደሚጋገር፣ በርበሬው የት እንደሚሰጣ፣ ለድግስ ድስቱ የት እንደሚጣድ ከነጭራሹ ሳይጠየቅ ፕላኑ የሚያልቅበት ጊዜ ግን ጥቂት አይደለም። ኋላ ላይ ቤተሰቡ በፕላኑ ላይ የሌለች የላስቲክ ዳስ ከግንቡ ጀርባ ይቀጥላል።

አሁን አሁን ሆቴሎች ባህላዊ ብለው ክብ አዳራሽ ያሠራሉ። ምሰሶ አለ፣ መደብ አለ፣ ግድግዳው ላይ ሰፌድና ሞሰብ ተሰቅሏል። ማድ ቤቱ ከኋላ ነው።