መዝገቡ ሲዘጋ፦ ሚኔሶታ ያቆየችው፣ ኦሪገን የዘጋችው በር

ጄምስ ብሉምስታይን የተባለ ወጣት የሕግ መምህር እ.ኤ.አ. በጁን 1970 በቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ሊያስተምር ወደ ናሽቪል ከተማ ገባ። በቀጣዩ ወር ለመራጭነት ሊመዘገብ ሲሄድ ግን መዝጋቢዎቹ መለሱት። የቴነሲ ግዛት ሕግ መራጭ የሚሆን ሰው በግዛቱ አንድ ዓመት፣ በካውንቲው ደግሞ ሦስት ወር እንዲኖር ያስገድድ ነበር። ሰውየው ከገባበት ቀን ጀምሮ ገበያ በወጣ ቁጥር ግብር ይከፍላል። ድምፅ መስጠት ላይ ሲደርስ ግን ገና እንግዳ ነው ተባለ።

ብሉምስታይን ከሰሰ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በማርች 1972 ተፈረደለት። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ተርጉድ ማርሻል ነበሩ። የመራጭን ማንነት ለማጣራት 30 ቀን ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ማስጠበቅ የዜጋን መብት ያለ በቂ ምክንያት መንፈግ ነው አሉ።

የምዝገባ ሕግ አሜሪካ ውስጥ በሰፊው የተስፋፋው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ነው። ማጭበርበርን ለመከላከል ነው ተባለ፤ በእርግጥም በትልልቅ ከተሞች የሞተ ሰው ስም ሳይቀር ድምፅ ይሰጥበት ነበር። ነገር ግን ሕጉ በርትቶ ያረፈው በአዲስ መጤዎች፣ ቤት በሚቀያይሩ ተከራዮችና በደቡብ ግዛቶች በሚኖሩ ጥቁሮች ላይ ነበር። የምዝገባ ቀነ ገደብ ለባለ ርስት ምንም አይደለም። ሥራ ፍለጋ ከከተማ ከተማ ለሚዞረው ግን ግድግዳ ነው።

ከብሉምስታይን ፍርድ በኋላ ጥቂት ግዛቶች ከ30 ቀንም ወረዱ። ሚኔሶታና ሜይን በ1973፣ ዊስኮንሲንም ብዙ ሳይቆይ፣ ዜጋው በምርጫው ዕለት እዚያው ጣቢያው ላይ ተመዝግቦ ድምፅ እንዲሰጥ ፈቀዱ። የሚኔሶታው አሠራር ለእኛ ሰው እንግዳ አይደለም፤ የአድራሻ ማስረጃ የሌለው ሰው በዚያው ምርጫ ጣቢያ የተመዘገበ ጎረቤቱ ፊርማውን አኑሮ ሊመሰክርለት ይችላል። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል የሚኖሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ዜጎችም የዚሁ ሕግ ተጠቃሚዎች ናቸው።

ውጤቱ ቀላል አልነበረም። በ1998 የቀድሞው የነጻ ትግል ተፋላሚ ጄሲ ቬንቱራ ሁለቱን ትልልቅ ፓርቲዎች አሸንፎ የሚኔሶታ ገዥ ሲሆን፣ በዕለቱ የተመዘገበው መራጭ ከ300 ሺህ በላይ ነበር። በ2008 ደግሞ ቁጥሩ ግማሽ ሚሊዮን አለፈ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ቀድሞ በተዘጋ መዝገብ ቢሆን ቤታቸው ሊቀሩ ይችሉ ነበር።

ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በ1977 ይህን አሠራር በመላ አገሪቱ ለማዋል ሐሳብ አቀረቡ። ምክትላቸው ዋልተር ሞንዴል የሚኔሶታ ሰው ነበሩና አሠራሩን በቅርብ ያውቁታል። ይሁንና ሪፐብሊካኖቹ ማጭበርበር ይመጣል ብለው ተነሱ፣ ከካርተር የራሳቸው ፓርቲ ሰዎችም ሳይቀር ቀዘቀዙ፤ ሐሳቡ ኮንግረስ ውስጥ ቀረ።

ያ ሁሉ የተፈራው ነገር አንድ ቦታ ላይ ሊደርስ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ኦሪገን። ይህ ግዛትም በ1970ዎቹ አጋማሽ የምርጫ ዕለት ምዝገባን ፈቅዷል። በ1981 ባግዋን ሽሪ ራጅኒሽ የተባለው የህንድ መንፈሳዊ መሪ ተከታዮች በምሥራቅ ኦሪገን 64 ሺህ ኤከር መሬት ገዙና ከተማ መሠረቱ። አጠገባቸው ያለችውን አንቴሎፕ የተባለች ሚጢጢ ከተማም በድምፅ ብልጫ ያዟት። ቀጥለው ዓይናቸውን የዋስኮ ካውንቲ ምክር ቤት ላይ ጣሉ። በ1984 መጸው ከየከተማው ጎዳና በሺህ የሚቆጠሩ ቤት አልባ ሰዎችን በአውቶቡስ አመጡ። ምግብና መኝታ ሰጧቸው፤ የሚፈለገው ድምፃቸው ነበር። ይህም ሳይበቃ፣ ተቃዋሚ መራጮችን ከአልጋ ለማዋል ሲባል ዘ ዳልስ በተባለችው ከተማ በአሥር ምግብ ቤቶች ሰላጣ ላይ የሳልሞኔላ ባክቴሪያ ተረጨ። 751 ሰው ታመመ።

ማን አስቆማቸው? የምዝገባ ቀነ ገደብ አይደለም። የግዛቱ ዋና ጸሐፊ ኖርማ ፖለስና የካውንቲው መዝጋቢ አዲስ ተመዝጋቢ ሁሉ በአካል ቀርቦ ነዋሪነቱን እንዲያስረዳ አዘዙ፤ ጠያቂ ጠበቆችም ተሰለፉ። ቡድኑ ወደኋላ አለ፣ ምርጫውም በኖቬምበር ያለ እነሱ ተካሄደ። የሴራው መሪ ማ አናንድ ሺላ በኋላ ጥፋቷን አምና ታሰረች። ባለሥልጣናት ሥራቸውን ሠሩ፣ ማጣራቱም ሠራ።

የኦሪገን መራጭ ግን ደንግጦ ነበር። በ1986 ሕዝበ ውሳኔ ምዝገባ ከምርጫው 20 ቀን በፊት ይዘጋ የሚል አንቀጽ በግዛቱ ሕገ መንግሥት ውስጥ አስገባ። ለጥቂት ሴረኞች የተበጀው ቁልፍ፣ ባለፈው ሳምንት ቤት የቀየረችውን አስተናጋጅም አብሮ ቆለፈባት። የተሳሳተ ፍርድ ነበር፤ ኦሪገን ራሷም በተዘዋዋሪ አምናዋለች ማለት ይቻላል። ሕገ መንግሥቱን ሳትነካ በ2015 ከአሜሪካ ግዛቶች የመጀመሪያዋ ሆና የመንጃ ፈቃድ መረጃን ይዛ ዜጋውን በራሷ የምትመዘግብበትን ሕግ አወጣች። ዜጋው መዝገቡን ከሚያሳድድ መዝገቡ ወደ ዜጋው ይሂድ ማለት ነው።

ኢትዮጵያ የብሉምስታይንን ጥያቄ ገና አልመለሰችም። የ2011ዱ የምርጫ አዋጅ መራጩ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር እንዲኖር ይጠይቃል። ለሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ምርጫ የመራጮች ምዝገባ ጊዜ ከአንድ ጊዜ በላይ ተራዝሟል፤ በመጨረሻም ከ37 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዘገበ። ማራዘሙ ብዙ ሰው አድርሷል። ሆኖም ማራዘም የቦርዱ ውሳኔ እንጂ የዘገየው ዜጋ መብት አይደለም። ከሐዋሳ ወደ አዳማ ለሥራ የሄደ ሰው ምዝገባው ሲራዘም ሰምቶ ቢሮጥም፣ ስድስት ወሩ ካልሞላ ካርድ አያገኝም።