ማነቆው የት ነው? የሐረር ጭነት፣ የድሬዳዋ ጋሪ እና ያልተሠራው ኮሌታ

ማነቆ የሚለውን ቃል አብዛኞቻችን የምናውቀው ከዜና ነው፦ የኢንቨስትመንት ማነቆ፣ የወጪ ንግድ ማነቆ፣ የመልካም አስተዳደር ማነቆ። ገበሬው ዘንድ ግን ማነቆ በእጅ የሚያዝ ዕቃ ነው። ከቀንበሩ ወደ ታች ወርደው የበሬውን አንገት ግራና ቀኝ የሚይዙት እንጨቶች ናቸው። በሬው ከቀንበሩ ሥር እንዳያፈተልክ ጫፋቸው በጠፍር ወይም በገመድ ይታሰራል።

ስሙ ያስፈራል እንጂ በሬውን እምብዛም አያንቀውም። የሀገራችን በሬ ሻኛ አለው፤ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሲገፋ ቀንበሩ ሻኛው ላይ ደገፍ ይላል። እስቲ ይህንኑ ቀንበር ፈረስ ላይ ጫኑት። ሻኛ የለም። ቀንበሩ ይንሸራተታል፣ ጠፍሩ ወደ ጉሮሮ ይወጣል፣ ፈረሱ በገፋ ቁጥር ትንፋሹ ያጥራል። ጎበዙ ፈረስ ቶሎ ይታነቃል፤ ሰነፉ ይተርፋል።

ለጦር ፈረሷ በብር ያጌጠ ኮርቻና ልጓም የምትሠራ፣ ጀግናዋን በፈረሱ ስም የምትጠራ አገር፣ ለሚጎትተው ፈረስ ምን ሠራችለት? ጥያቄውን ይዤ ወደ ሐረር የሄድኩት በምክንያት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የጀጎል መሃል አደባባይ ፈረስ መጋላ ይባላል። መጋላ ገበያ ነው፤ የፈረስ ገበያ ማለት ነው። ዛሬ እዚያ የሚቆመው ባጃጅ ነው። ከአምስቱ ጥንታዊ በሮች አንዱን ደግሞ አማርኛ ተናጋሪው ሰንጋ በር ይለዋል። ፈረሱም ሰንጋውም በከተማዋ ላይ ስማቸውን ትተዋል፤ ጋሪን የሚያነሳ ስም ግን ፈልጌ አላገኘሁም። አይገርምም። ግንቡ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን ሲቆም፣ ውስጡ ያሉት መንገዶች የተለኩት በሰውና በተጫነ አህያ ነው። መገራ ወገሪ የምትባለዋ ጠባብ መተላለፊያ የዕርቅ ጎዳና ናት ይሏታል፤ የተጣሉ ሰዎች እዚያ ከተገናኙ ተነካክተው ማለፋቸው ግድ ነውና። እንዲህ ባለ መንገድ ጋሪ ምን ይሠራል?

ከግንቡ ውጭም ነገሩ ያው ነበር። ከዘይላ ወደብ የሚነሳው ሲራራ ነጋዴ ዕቃውን በግመል ጭኖ በረሃውን ያቋርጥና ጊልዴሳ ይደርሳል። ከዚያ በላይ ተራራ ነው። ግመሉ ይራገፋል፣ ጭነቱ ወደ አህያና በቅሎ ይዛወራል፣ ከዚያ ሽቅብ ወደ ሐረር። ቡናው፣ ቆዳው፣ የዝሆን ጥርሱ ሲወርድም እንዲሁ በተገላቢጦሽ። አንዲት ትልቅ የንግድ ከተማ ለመቶ ዓመታት አንድም ነገር ሳትጎትት ኖረች። ሁሉንም ተሸከመችው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በደንብ የሚያሳየው የፈረንሳዊው አርተር ራምቦ መጨረሻ ይመስለኛል። ግጥም ትቶ ነጋዴ የሆነው ራምቦ በ1891 ሐረር ሳለ ጉልበቱ አብጦ በቅሎ ላይ መቀመጥ አቃተው። ገንዘብ ነበረው፣ ሰው ያውቃል፣ ከተማውን ያውቃል። ግን በዚያ መንገድ ላይ ኮርቻ ላይ መቀመጥ የማይችል ሰው የሚሄድበት ሌላ ዘዴ አልነበረም። ራሱ የቃሬዛ ንድፍ ሠርቶ አሠራና ሚያዝያ 7 በ16 ተሸካሚዎች ትከሻ ከሐረር ወጣ። እስከ ዘይላ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግንቦት ላይ ማርሴይ ውስጥ እግሩ ተቆረጠ፣ ኅዳር ላይ ሞተ። ጋሪ ቢኖር ይድን ነበር እያልኩ አይደለም፤ ካንሰር ነበር። 16 ሰው ያስፈለገው ግን መንገዱም ዕቃውም ስላልነበረ ነው።

«መንኮራኩር ስላልነበረን ነው» ብሎ መደምደም ይቀላል። ግን መንኮራኩር በነበረበት ቦታም ነገሩ አልተፈታም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1867 ጋፋት ላይ ያሠሩት ሴባስቶፖል መድፍ ወደ 7 ቶን ይመዝናል። ጋሪ ተሠራለት፣ መንገድ ተቆረጠለት፤ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሱ ጠረጉ። ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ወራት ፈጀ። ጎታቹ ማን ነበር? በመቶዎች የሚቆጠር ሰው፣ በጠፍር ተሰልፎ። አዎ፣ መንገዱ ገደል ነበር፤ ሰው ደግሞ ትእዛዝ ይሰማል። ቢሆንም ፈረስ በሞላበት አገር የፈረስ ጉልበትን ከጋሪ ጋር የሚያገናኘው ዕቃ አለመኖሩን ቀለል አድርጌ ማለፍ አልችልም።

ከ20 ዓመት በኋላ ደግሞ ክፉ ቀን መጣ። የከብት ደስታ በሽታ ከ1888 ጀምሮ የአገሪቱን በሬ ጠራርጎ ወሰደ፤ ሐረርጌም አልቀረለትም። ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ። ደስታ በሽታ ፈረስን አይዝም። የፈረሱ ጉልበት በብዙ ቦታ ሊገኝ ይችል ነበር፤ ሞፈር ቀንበሩ ግን ለሻኛ የተሠራ ነው። ፈረስ ራሱም በረሃብ ያልቅ ነበር፣ ለግብርናም አይገባም የሚል ኩራት ነበር፤ ስለዚህ ሁሉንም በእንጨቱ አላሳብብም። ግን ዛሬ አዊ ላይ በፈረስ ሲታረስ ያየ ሰው፣ ነገሩ የተፈጥሮ ሕግ አለመሆኑን ይረዳል።

እጅ ጠፍቶ ነው እንዳንል ደግሞ ሐረር ትመልስልናለች። የሐረር ቆዳ ሠራተኞች የቁርኣን ጥራዝ በማስጌጥ የታወቁ ነበሩ፤ ቆዳውን አለስልሰው፣ ምስል አትመውበት፣ ዘመን የሚሻገር ሽፋን ይሠሩበት ነበር። ለአንድ ፈረስ ትከሻ የሚሆን ትራስ ለዚህ እጅ ምኑም አይደለም። ችግሩ ጠያቂ አልነበረም። ጭነት የሚፈልገው ጀርባን የሚጠብቅ ዕቃ ነው። የጭነቱ ሚዛን፣ የኮርቻው ምንጣፍ፣ ገጣባ የሚባለው የጀርባ ቁስል፤ የሲራራው ሰው ሲያስብ የኖረው ስለ ጀርባ ነው። ትከሻን ማንም አላሰበበትም። በተቀረው አገር ደግሞ ቆዳ የሚፍቀው ሰው ይናቅ፣ «ቡዳ» ይባል ስለነበር (ምኒልክ ባለ እጅን የሚሰድብ ይቀጣል ብለው እስኪያውጁ ድረስ) አዲስ ዕቃ ፍለጋ ወደ እሱ ደጅ የሚሄድ አልበዛም።

ከዚያ ባቡሩ መጣ። የመጀመሪያው ሐሳብ በሐረር እንዲያልፍ ነበር፤ ተራራው ከለከለው። በ1902 ሐዲዱ ከታች ሜዳው ላይ ደረሰና አዲስ ከተማ ተቆረቆረ፤ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለች፣ በኋላ ድሬዳዋ። ሰፊና ቀጥ ያለ ጎዳና ያላት፣ ሜዳ ላይ የተዘረጋች ከተማ። ጋሪ የሚወደው ይህን ነው፤ ድሬዳዋም ባጃጅ እስኪወርሳት ድረስ በፈረስ ጋሪዋ ትታወቅ ነበር። ቃሉ ራሱ መንገደኛ ነው። ጋሪ የሕንድ ቃል ነው፤ በሶማልኛም በስዋሂሊም አለ። በባሕሩ ነጋዴ አፍ ተሻግሮ ነው የመጣው።

ቃሉ መጣ፣ መንኮራኩሩ መጣ፣ በኋላም የመኪና ጎማና አክሰል መጣ። ኮሌታው ግን አልመጣም።

ኮሌታ የምለው ፈረንጆቹ በሚጎትት ፈረስ አንገት የሚያጠልቁትን ወፍራም ቀለበት ነው። ከውስጥ በጭድ ወይም በፀጉር የተሞላ ትራስ፣ ከውጭ ሁለት ጎበጥ ያሉ እንጨቶች ወይም ብረቶች። መጎተቻው ጠፍር የሚታሰረው እንጨቶቹ ላይ ነው። ክብደቱ የሚያርፈው የትከሻ አጥንቱ ሰፊ ቦታ ላይ እንጂ ጉሮሮው ላይ አይደለም። ቻይናውያን ከሁሉም ቀድመው ደረሱበት፤ አውሮፓ በ9ኛውና በ10ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ያዘው። በ1931 ለፌቭር ደ ኖዌት የሚባል ጡረታ የወጣ ፈረንሳዊ የፈረሰኛ መኮንን አንድ መጽሐፍ አወጣ፦ የጥንት ሮማውያን ፈረስ ይታነቅ ስለነበር ከ500 ኪሎ በላይ አይጎትትም፣ ኮሌታው ሲመጣ ግን ባርነት ራሱ አላስፈላጊ ሆነ የሚል። የሚያጓጓ ታሪክ ነው፤ ለብዙ ዓመታትም ታመነ። በ1977 ግን ዣን ስፕሩይት የሚባል ሌላ ፈረንሳዊ የጥንቱን ዕቃ መልሶ ሠርቶ ፈረስ ላይ ሞከረው። አልታነቀም። መኮንኑ ለካ ሁለት የተለያዩ የአጠማመድ ዘዴዎችን አቀላቅሎ ነበር የሞከረው።

ይህን የማነሳው ለእኛም ስለሚሆን ነው። በቂ ውጤት የሚሰጥ ዕቃ ከአንድ በላይ ነው፤ የሚጎዳው በስህተት የተቀላቀለው ነው። የከተሞቻችን ጋሪ ላይ የምናየው አብዛኛውን ጊዜ ያንን ድብልቅ ነው፦ ከጭነት የተወረሰ የጀርባ ትራስ፣ ከቀንበር የተወረሰ እንጨት፣ ደረት ላይ ደግሞ ከጎማ ቁራጭ ወይም ከናይለን ገመድ የተሠራ ጠፍር። የደረት ጠፍር በራሱ መጥፎ አይደለም። ለቀላል ጭነት ይበቃል። ግን የሚቀመጥበት ቦታ ጠባብ ነው፤ ትንሽ ከፍ ካለ ጉሮሮ ያንቃል፣ ትንሽ ዝቅ ካለ የፊት እግሩን መገጣጠሚያ ይይዛል። ጋሪው ላይ የሚታሰርበት ነጥብ ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ ፈረሱ በጎተተ ቁጥር ጠፍሩ ወደ ላይ ይሸሻል። ናይለኑ ላብ አይመጥም፤ ይፈገፍጋል። ቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤትም ሆነ እንደ ስፓናና ብሩክ ያሉ ድርጅቶች ከጋሪ ፈረስ ጋር ሲሠሩ ደጋግመው የሚያገኙት ይህንኑ ቁስል ነው። መድኃኒት ይቀቡታል፣ ፈረሱ በማግስቱ ያንኑ ዕቃ ለብሶ ይወጣል።

ታዲያ የአውሮፓውን ኮሌታ ለምን አናመጣም? እሱም ጣጣ አለው። እንደ ጫማ በልክ የሚሠራ ነው። የኛ ፈረስ ትንሽ ነው፤ በዚያ ላይ ክረምት ሲወፍር በጋ ሲከሳ ልኩ ይቀየራል። የሰፋ ኮሌታ ደግሞ ካለመኖሩ ይብሳል፤ እየተወዛወዘ ይልጣል። ለዚህ የሚሻለው በመካከለኛው አውሮፓ ለጎታች ላምና በሬ ይሠራበት የነበረው፣ ኋላም ወደ ሌሎች አገሮች የተዛመተው ባለ ሦስት ትራስ ኮሌታ ነው። ሁለት ጎባጣ እንጨቶች፣ ለእያንዳንዱ አንዳንድ ትራስ፣ ከላይ ማጅራቱ ላይ ሦስተኛ ትራስ። ላይና ታች በቀበቶ ስለሚያያዝ ይጠባል፣ ይሰፋል። ከታች ስለሚከፈት በፈረሱ ጭንቅላት አይጠልቅም። አንድ አናጺና አንድ ልብስ ሰፊ ይሠሩታል።

እዚህ አገር ሙከራ አልጠፋም። አዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የከብት ማዕከል በ1980ዎቹ አንድ በሬ ብቻ ላለው ገበሬ የሚሆን ነጠላ ቀንበር ሠርቶ ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ገበሬው ግን ብዙም አልተቀበለው። መረሬ መሬት ላይ ያንድ በሬ ጉልበት አልበቃም፣ ጎረቤት ጋር በሬ ማቀናጀት ይሻል ነበር። ከዚህ የምወስደው ዕቃው ጥሩ መሆኑ ብቻ እንደማይበቃ ነው፤ የሚጠቀምበት ሰው ሒሳብ ውስጥ መግባት አለበት።

የባለጋሪው ሒሳብ ደግሞ ግልጽ ነው። ነገ ጋሪ ከአስፋልት ይከልከል ይሆናል፣ ባጃጅ ደንበኛውን ወስዷል፣ ፈረሱ ሲደክም ሌላ ይገዛል። ለዚህ ሰው «ፈረስህን እዘንለት» ማለት ስብከት ነው። «ቁስል የሌለው ፈረስ ሳምንቱን ሙሉ ይሠራል» ማለት ግን ሒሳብ ነው። አህያም ያው ናት። የሐረማያ ሐይቅ ደርቆ ሐረር ውሃ በተጠማችበት ጊዜ ጀሪካን ስታመላልስ የነበረችው አህያ ናት። ባለ 20 ሊትር አራት ጀሪካን 80 ኪሎ ነው፤ ጀርባዋ ከዚያ ብዙም አያልፍም። ያችው አህያ፣ ከግንቡ ውጭ ባለው ደልዳላ መንገድ፣ በደህና ኮሌታ ከዚያ እጥፍ ድርብ ትጎትታለች።

የሚያስፈልገው እጅ ደግሞ ከፈረስ መጋላ ብዙ አይርቅም። ወደ ጊድር መጋላ በሚወስደው መንገድ ላይ መኪና ግርግር አለ፤ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ጩኸት ነው። ልብስ ሰፊዎቹ በራቸው ላይ ተቀምጠው ይሰፋሉ። ትራሱ ጠንካራ ሸራ፣ ውስጡ ጥጥ ወይም የልብስ ቁርጥራጭ፣ ፈረሱን የሚነካው ገጽ ላብ የሚመጥ ጨርቅ ነው። ለእንጨቱ እንደ ዋንዛ ያለ ቀላልና ለመጥረብ የማያስቸግር ይሆናል። መጎተቻው የሚታሰርበት ቀዳዳ ከእንጨቱ ቁመት ወደ ታችኛው ሲሶ ይጠጋል፤ ከዚያ ከፍ ካለ ኮሌታው ወደ ማጅራት ይገፋል። ልኩን ለማየት ፈረሱ ቆሞ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ የእጅን መዳፍ ዘርግቶ በኮሌታው ታችና በጉሮሮው መሃል ማስገባት ነው። መዳፉ ሳይጨነቅ ካለፈ ልኩ ነው፤ ቡጢ ካለፈ ሰፍቷል፤ ጣት ብቻ ከገባ ይፈታና እንደገና ይሰፋል።