የ617ኛው ስኳድሮን ዜና መዋዕል

ግንቦት 8 ቀን 1935 ዓ.ም. እሑድ ማታ፣ ጨረቃዋ ደምቃ ሳለ፣ 19 ላንካስተር ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች 133 ሰዎች ይዘው በእንግሊዝ አገር ስካምፕተን ከሚባለው የጦር አውሮፕላን ማረፊያ በየተራ ተነሡ። የታዘዙት በምዕራብ ጀርመን የሚገኙትን የሞኔን፣ የኤደርንና የዞርፔን ግድቦች እንዲያፈርሱ ነበር። አለቃቸው ዊንግ ኮማንደር ጋይ ጊብሰን ገና የ24 ዓመት ጐልማሳ ነበረ፤ ስኳድሮኑም ከተቋቋመ ሁለት ወር አልሞላውም። እኛ ለእነዚህ ሰዎች እናደላለን፤ የምናደላበትንም ምክንያት አንሸሽግም። የተሰጣቸው ሥራ ከሰው አቅም በላይ ነበርና። በግድቡ ፊት ውኃው ውስጥ የቶርፔዶ መከላከያ መረብ ስለ ነበረ፣ መሐንዲሱ ባርነስ ዋሊስ በውኃው ላይ እየነጠረ መረቡን የሚዘል፣ ከግንቡም ሥር ሰምጦ የሚፈነዳ በርሜል መሰል ቦምብ ሠራ። ይህ ከ4 ቶን በላይ የሚመዝን ቦምብ በደቂቃ 500 ጊዜ ወደ ኋላ እየተሽከረከረ ከ18 ሜትር ከፍታ መጣል ነበረበት። በሌሊት 18 ሜትርን በትክክል የሚያሳይ መለኪያ ስላልነበረ ከአውሮፕላኑ ሆድ ሥር ሁለት መብራቶች ተተከሉ፤ ሁለቱ የብርሃን ክቦች ውኃው ላይ ሲነካኩ ከፍታው ልክ ሆነ ማለት ነው። አብራሪው ከፍታውን ያወቀበት መብራት ግን ለጠላት ተኳሽም ዒላማውን ያሳየዋል።

በሞኔ መጀመሪያ የገባው ጊብሰን ራሱ ነው፤ ግንቡ ግን አልተናጋም። ቀጥሎ የገባው ሆፕጉድ ተመትቶ በእሳት ተያይዞ ወደቀ። ማርቲን ሲገባ ጊብሰን የራሱን ቦምብ ጥሎ ጨርሶ ሳለ ከጎኑ ሆኖ በረረ፤ ተኩሱ ለሁለት እንዲከፈል ብሎ ነው። ከዚያም ያንግ፣ ከያንግም በኋላ ማልትቢ ጣሉ፤ ግንቡም ተናደ። ኤደርን የሚጠብቅ መድፍ አልነበረም፤ የጠበቀው ዙሪያውን ያለው ተራራ ነው። እርሱንም ናይት በቀረችው በመጨረሻዋ ቦምብ አፈረሰው። በዞርፔ የማካርቲ አውሮፕላን ዘጠኝ ጊዜ ተመላልሶ በአሥረኛው ጣለ፤ ዞርፔ የአፈር ግድብ ነበርና አልፈረሰም። ከዒላማው ሳይደርሱ የተመለሱም ነበሩ፤ ስለ እነርሱ ይህ ይበቃል። ስምንት አውሮፕላኖች አልተመለሱም፤ 53 ሰዎች ሞቱ፣ ሦስት ተማረኩ። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር። ጊብሰን ቪክቶሪያ ክሮስ የተባለውን ታላቅ ኒሻን ተሸለመ፤ እርሱም በመስከረም 1937 በሆላንድ ምድር ከአውሮፕላኑ ጋር ወድቆ ሞተ።

ይህን ዘመቻ የሚያቃልሉ ሰዎች፣ የሞኔ ግድብ በመስከረም 1936 ተጠግኖ አልቋልና የ53ቱ ደም በከንቱ ፈሰሰ ይላሉ። መጠገኑ እውነት ነው። ነገር ግን ጥገናው በነፃ አልተገኘም፤ ጀርመኖች በአትላንቲክ ዳርቻ ምሽግ ይሠሩ የነበሩትን ሠራተኞች በሺህ እየቆጠሩ ነቅለው ወደ ግድቡ አመጡ፤ የተነቀለው ሠራተኛም በዚያ በጋ ምሽግ አልሠራም። ደግሞስ ግንቡ እንደ ተናደ፣ መወጣጫው ቆሞ፣ ግንበኛው በላዩ ሲመላለስ ተራ ቦምብ ይበቃው አልነበረምን? የጀርመን የጦር መሣሪያ ሚኒስትር የነበረው አልበርት ሽፔር ራሱ እንግሊዞች ለምን ተመልሰው እንዳልመቱ ከጦርነቱ በኋላ ተገርሞ ጽፏል። ተመልሳችሁ ምቱ ብሎ ማዘዝ የአብራሪ ሥልጣን አይደለም። የጀመሩት ሥራ ሳይቋጭ ቢቀር ተጠያቂው ከበላያቸው የነበረ አዛዥ ነው፤ ወቀሳም ካለ ወደዚያ ይሂድ።

ሁለተኛው ክስ ከዚህ ይከብዳል። ውኃው በዚያ ሌሊት ከ1,000 የሚበልጡ ሰዎችን ወሰደ፤ ከእኩሌታው የሚበልጡትም ጀርመኖች አልነበሩም፣ ጀርመኖች በግድ ያሠሯቸው የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ፤ ኔሃይም ከተማ አጠገብ በነበረው ካምፕ የተዘጋባቸው የሶቪየት ሴቶች በመቶ የሚቆጠሩ ናቸው። ዒላማውን የመረጡት አብራሪዎቹ አይደሉም ብለን መመለስ እንችላለን፤ መልሱም ትክክል ነው፣ ለሴቶቹ ግን መልስ አይሆንም። የቀረውን ፍርድ ለሰማያዊው ዳኛ እንተዋለን። በምድር ያሉት ዳኞች በበኩላቸው በሰኔ 1969 በጄኔቭ ተሰብስበው፣ ሲፈርስ በሰላማዊ ሕዝብ ላይ ከባድ እልቂት የሚያመጣ ግድብ እንዳይመታ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎችን ብቻ አስቀርተው በሕግ ከለከሉ፤ የእንግሊዝ መንግሥትም ይህን ውል በጥር 1990 አጸደቀ።