ጉናን ለመውጣት አብሯችሁ የሚሄድ አጣችሁ?

ከንፋስ መውጫ ወደ ደብረ ታቦር ስትጓዙ ጉናን በመኪና መስኮት አይታችሁ «አንድ ቀን እወጣዋለሁ» ያላችሁ ብዙ ናችሁ። ከ4,100 ሜትር በላይ ነው፤ ርብና ጉማራም የሚነሱት ከዚሁ ነው። ብቻችሁን ግን አትሞክሩት። ጉም ከወረደ መንገዱ ይጠፋል፤ ከፍታው ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ካመጣባችሁ ደግሞ ቶሎ መውረድ ነው፣ ደጋፊ ያስፈልጋችኋል።

ቴሌግራም ላይ «ማን ይሄዳል?» ብላችሁ የምታገኙትን ሰው መጀመሪያ ከተማ ውስጥ አግኙት፤ ለቤተሰብም ስሙንና ስልኩን ተዉ። እኛን ብትጠይቁን ግን ክምር ድንጋይ ወርዳችሁ ተራራው ሥር ያደገ ሰው መያዝ ይሻላል። ሒሳቡን ቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ሦስት አራት ሆናችሁ ስታዋጡ ይቀላል። ሰሜን ተራሮች ላይ ይሄ ጣጣ የለም፤ ደባርቅ ካለው የፓርኩ ቢሮ ስካውት ይመደብላችኋል።

የክረምቱን ወራት እለፉት። ከመነሳታችሁ በፊትም የመንገዱን ሰላም የዚያን ዕለት ጠዋት ደውላችሁ አጣሩ።